ለአማካሪም አማካሪ ያስፈልገዋል

ሰው ሥጋው ሲታመም ሕመሙን ለመናገር አያፍርም። ራሴን ፈለጠኝ፣ ጎኔን ወጋኝ ብሎ ለቤተ ሰቡ ያስታውቃል፤ ቤተ ሰቡም ሳይውል ሳያድር ወደ ሐኪም ይወስደዋል። የታመመው ልቡ እንደ ሆነ ግን ነገሩ እንዲህ ቀላል አይሆንም። እንቅልፍ ያጣል፤ እህል ያስጠላዋል፤ ከሰው ይሸሻል፤ ምን ሆነሃል ቢሉት «ምንም አልሆንሁም» ብሎ ፊቱን ያዞራል። «በሽታውን የሸሸገ መድኃኒት አይገኝለትም» የሚለው የአባቶቻችን ቃል፣ ከሥጋ ሕመም ይልቅ ለልብ ሕመም የተነገረ ይመስለናል።

እንዲህ ያለውን ጭንቀት የሚሰሙ ሰዎች በአገራችን ከጥንት ጀምሮ አልታጡም። የነፍስ አባት፣ የአገር ሽማግሌ፣ የቡና ጎረቤት፣ ታላቅ እኅት፣ ሁሉም እንደ አቅማቸው የሰውን ልብ ሲያሳርፉ ኖረዋል፤ ዛሬም ያሳርፋሉ። በእነርሱ ላይ ደግሞ በዚህ ዘመን፣ ይህንኑ ሥራ ተምረው ሙያ ያደረጉት የአእምሮ ሐኪሞችና የሥነ ልቡና አማካሪዎች ተጨምረዋል። ስለ እነዚህ ባለሙያዎች ሲወራ ዘወትር የሚነሣው የበሽተኛው ነገር ነው። እኛ ግን ዛሬ በዚህ የቤተ ሰብ ገጽ ልናነሣ ያሰብነው የሰሚውን ነገር ነው። ከጧት እስከ ማታ የሰው ዕንባ ሲቀበል የሚውል ሰው፣ የተቀበለውን ይዞ ወዴት ይሄዳል? በሥራው ሲሳሳትስ «እዚህ ላይ ተሳስተሃል» የሚለው ማን ነው? ጥያቄው የባለሙያዎቹ ብቻ ቢመስልም፣ ልጁን ወይም ሚስቱን ወደ አማካሪ የሚልክ ሁሉ መልሱን ሊያውቀው ይገባል።

አናጢ ሲሳሳት ስሕተቱ ይታያል፤ በሩ አይገጥምም፤ ወንበሩ ይንገዳገዳል። የአማካሪ ስሕተት ግን አይታይም። ሥራው የሚሠራው በተዘጋ ክፍል ውስጥ፣ በሁለት ሰዎች መካከል ነው፤ ሦስተኛ ምስክር የለም። በሽተኛው ባይድን በሕመሙ ጽናት ይመካኛል፤ ተስፋ ቈርጦ ቢቀር «ቀረ» ይባላል እንጂ፣ ለምን እንደ ቀረ የሚጠይቅ የለም። ከዚህም በላይ ዓይን ሁሉን ሲያይ ራሱን እንደማያይ፣ አማካሪውም የሌላውን ልብ ሲመረምር የገዛ ልቡ የት ላይ እንዳደናቀፈው አያይም።

በዚህ ሙያ ሱፐርቪዥን የሚባል ሥርዓት የቆመው ስለዚህ ነው። ሥርዓቱም እንዲህ ነው። አማካሪው በየሳምንቱ ወይም በየወሩ ቀጠሮ ይዞ፣ በሙያው ከሚበልጠው ወይም ከሚተካከለው ሰው ዘንድ ይቀርባል። የበሽተኛውን ስም ሸሽጎ ምን እንደ ሰማ፣ ምን እንደ መለሰ፣ ምን እንደ ከበደው ያስረዳል። ያኛውም ይጠይቀዋል፤ ያርመዋል፤ ያበረታዋል። ይህን ሰው ባለሙያዎቹ ሱፐርቫይዘር ይሉታል። እኛ በነፍስ አባት አምሳል የሙያ አባት፣ ሴት ብትሆንም የሙያ እናት ብንላቸው የሚስማማ ይመስለናል።

በእውነቱ ነገሩ ለእኛ እንግዳ አይደለም። በቅኔ ቤት ጀማሪው ተማሪ የቈጠረውን ቅኔ ይዞ በአስነጋሪው ፊት ይቆማል፤ አስነጋሪውም ቃሉ የተሰበረበትን፣ ምሥጢሩ የጠፋበትን እያመለከተ ያቃናለታል። ተማሪው መታረሙን እንደ ውርደት አይቈጥረውም፤ ወደ ሙያው የሚገባበት በር እርሱ ነውና። እንደዚሁም የሰውን ኃጢአት ሲሰማ የሚውል ካህን ለራሱ ሌላ የነፍስ አባት አለው እንጂ፣ ራሱን በራሱ አይናዝዝም። እንግዲህ አዲሱ ሙያ የደረሰበት ጥበብ አባቶቻችን በሌላ መንገድ ያወቁት ነው ማለት ይቻላል።

በአውሮፓም ሥርዓቱ በአንድ ቀን የተፈጠረ አይደለም። (በዚህ ጽሑፍ የሚነገሩት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።) በ1902 በቪየና ከተማ ሲግመንድ ፍሮይድ አራት ሐኪሞችን ወደ ቤቱ ጠራና፣ ሮብ ሮብ ማታ በበሽተኞቹ መቈያ ክፍል እየተሰበሰቡ ይነጋገሩ ጀመር። አንዱ ጽሑፉን ወይም የገጠመውን ነገር ያቀርባል፤ ቡናና ኬክ ይቀርባል፤ ከዚያ በኋላ ማን አስቀድሞ እንደሚናገር ዕጣ ይወጣል። በዚያ ሸንጎ ዝም ብሎ መቀመጥ አይፈቀድም ነበር። ይህ ገና ሱፐርቪዥን የሚባል አልነበረም፤ ነገር ግን ሐኪም ያየውንና የሠራውን በባልንጀሮቹ ፊት የመግለጥ ልማድ በዚያ ተተከለ።

ልማዱ ሕግ ሆኖ የቆመው በበርሊን ነው። በ1920 ማክስ አይቲንጎንና ኤርንስት ዚመል፣ ገንዘብ የሌለው ድኻ ጭምር የሚታከምበት የነፍስ ሕክምና ቤት ከፈቱ። በዚያም ሐኪም ለመሆን የሚፈልግ ሁሉ ሦስት ነገር እንዲፈጽም ታዘዘ። መጀመሪያ እርሱ ራሱ በሌላ ሐኪም ዘንድ ልቡን እንዲመረምር፣ ሁለተኛ ትምህርቱን እንዲማር፣ ሦስተኛ በሽተኛ ሲያክም በታላቁ ዓይን ሥር ሆኖ እንዲያክም። በ1925 በባድ ሆምቡርግ በተደረገው ጉባኤ የሙያው ሰዎች የሥልጠናውን ነገር የሚመለከት ዓለም አቀፍ ኮሚሲዮን አቆሙ። ከዚያ ወዲህ በዚህ ሙያ መጽሐፍ ማንበብ ብቻ ለሥራ አያበቃም።

ከዚህም በኋላ በአሜሪካ ካርል ሮጀርስ የተባለ የሥነ ልቡና ሊቅ አንድ አዲስ ነገር ጨመረ። የአማካሪውንና የበሽተኛውን ንግግር በሸክላ ማስቀረጽ ጀመረ፤ በ1942 ባሳተመው መጽሐፍም ከመጀመሪያው ቀን እስከ መጨረሻው የተቀረጸ የአንድ ሰው ሕክምና ቃል በቃል አወጣ። ጥቅሙ ግልጽ ነው። አማካሪው «በትዕግሥት ሰማሁት» ብሎ ያስባል፤ ሸክላው ሲዞር ግን ሰውየው ሊናገር አፉን በከፈተ ቍጥር አማካሪው ቀድሞ ሲናገር ይሰማል። ሰው ስለ ገዛ ሥራው የሚሰጠው ምስክርነት ሁልጊዜ ሙሉ አይደለም።

አሁን ነገሩን በምሳሌ እናስረዳ። አንዲት ወጣት አማካሪ አለች እንበል። ወደ እርስዋ የምትመላለስ አንዲት ሴት እናትዋ ሞታባት በኀዘን የተጐዳች ናት። ወጣቲቱ ለሙያ እናትዋ ስታስረዳ ስለ ሴትዮዋ ትዳር፣ ስለ ሥራዋ፣ ስለ እንቅልፍዋ በዝርዝር ትናገራለች። ከእናቲቱ ሞት ስትደርስ ግን «እናትዋም ሞተውባታል» ብላ ፈጥና ታልፋለች። የሙያ እናቲቱ ጥቂት ዝም ትልና፣

«ልጄ፣ የአንቺ እናት ደኅና ናቸው?» ብላ ትጠይቃታለች።

ወጣቲቱ መልስ ያጥራታል። ቈይታም «ዐርባቸው ከወጣ ገና ሁለት ወሩ ነው፤ ለእርስዎ ለመንገር አፍሬ ነው» ትላለች።

«እኔም የጠየቅሁሽ ልገሥጽሽ አይደለም። ነገር ግን ያቺ ሴት የእናትዋን ነገር ባነሣች ጊዜ ምን ታደርጊ ነበር?»

ወጣቲቱ ስታስበው፣ ሴትዮዋ ስለ እናትዋ ልትናገር በጀመረች ቍጥር ነገሩን ወደ ሌላ ስትመልስባት እንደ ነበረች ይታወሳታል። ሴትዮዋም ሁለት ጊዜ «ምነው እኔም አብሬ በተቀበርሁ» ማለትዋ ትዝ ይላታል። እርስዋ ግን የኀዘን ወግ ነው ብላ አልፋዋለች።

«ሞትን ትመኚያለሽን ብለሽ ጠየቅሻትን?»

«መጠየቄ ነገሩን ያስታውሳታል ብዬ ፈራሁ።»

«መጠየቅ አያስታውሳትም፤ ሸክምዋን ያቀልላታል። ቀጠሮሽን ሳትጠብቂ ዛሬውኑ ጥሪያት።»

ይህ ምሳሌ ነው፤ ነገር ግን በውስጡ ያለው ሁሉ በዚህ ሙያ ዘወትር የሚያጋጥም ነው። ስለ ራስ ማጥፋት አሳብ በግልጽና በርኅራኄ መጠየቅ ያልነበረውን አሳብ እንደማያሳድር በብዙ ምርመራ ተረጋግጧል። ዝም ማለት ግን የሰው ሕይወት ያስጠፋል። ወጣቲቱ ክፉ ወይም ሰነፍ አልነበረችም። የገዛ ኀዘንዋ ጆሮዋን ስለ ደፈነው ነው ያልሰማችው። «የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች» የተባለው ደረሰባት ማለት ነው። ልምድ ያላት ሰው ባትጠይቃት ኖሮ ማን ይነግራት ነበር?

የሙያ እናቲቱ ነገሩን ያወቀችው በጥንቈላ አይደለም። ሐሮልድ ሰርልስ የተባለ አሜሪካዊ የአእምሮ ሐኪም በ1955 ባሳተመው ጽሑፍ እንዳስረዳው፣ በበሽተኛውና በአካሚው መካከል የተደረገው ነገር አካሚው ከሙያ አባቱ ፊት ሲቀርብ ሳያውቀው በእነርሱም መካከል ይደገማል። በክፍሉ ውስጥ ከኀዘን የሸሸች አማካሪ፣ ስታስረዳም ከኀዘን ትሸሻለች። አስተዋይ የሙያ አባት የሚነገረውን ብቻ ሳይሆን የሚዘለለውን ይሰማል።

ይህ ሥርዓት ለአእምሮ ሐኪሞች ብቻ ሆኖ አልቀረም። በ1950ዎቹ ዓመታት ማይክል ባሊንት የተባለ የሀንጋሪ ተወላጅ ሐኪም ከባለቤቱ ከኤኒድ ባሊንት ጋር በለንደን፣ የሥጋ ሐኪሞችን በትንንሽ ማኅበር እየሰበሰበ ስለ በሽተኞቻቸውና ስለ ራሳቸው ስሜት እንዲነጋገሩ ያደርግ ነበር። እንዲህ ያሉት ማኅበሮች በብዙ አገር በእርሱ ስም ይጠራሉ፤ ዛሬም ይሠራሉ። የብሪታንያ የምክርና የሥነ ልቡና ሕክምና ማኅበርም ዕውቅና የሰጣቸው አባሎቹ በወር ከ1 ሰዓት ተኩል የማያንስ ሱፐርቪዥን እንዲኖራቸው ያዝዛል። ይህም ለጀማሪ ብቻ ሳይሆን 30 ዓመት ለሠራውም ጭምር ነው። ሰው በዕድሜው ብዛት ከስሕተት ነጻ አይወጣምና ሕጉ ትክክል ነው እንላለን።

ወደ አህጉራችን ስንመለስ ደግሞ ከዚህ የሚበልጥ የሚያስደንቅ ምሳሌ እናገኛለን። በዚምባብዌ ዲክሰን ቺባንዳ የተባለ የአእምሮ ሐኪም፣ አንዲት ወጣት በሽተኛው ለመኪና የምትከፍለው አጥታ ወደ ሐኪም ቤት ሳትመጣ ሕይወትዋን እንዳጠፋች ራሱ ለሕዝብ ተናግሯል። ከዚያ ኀዘን በኋላ በ2006 በሐራሬ ከተማ ምባሬ በተባለው የድኾች ሰፈር 14 አያቶችን መርጦ አሠለጠነ። አያቶቹም በጤና ጣቢያው ግቢ ከእንጨት በተሠራ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠው፣ በአገራቸው ቋንቋ ኩፉንጊሲሳ፣ ማለት ማሰብ የበዛበት የሚባለውን ሰው ይሰሙ ጀመር። በ24 ጤና ጣቢያዎች በ573 ሰዎች ላይ የተደረገውና በ2016 የታተመው ምርመራ፣ አያቶቹ የረዷቸው ሰዎች ከሌሎቹ ይልቅ ጭንቀታቸው እንደ ቀለለላቸው አሳየ።

ይህን የሰማ ሰው «እንግዲያስ ትምህርቱ ምን ያደርጋል? አያት ይበቃል» ሊል ይችላል። ነገር ግን ምሥጢሩ እዚህ ላይ ነው። እነዚያ አያቶች ብቻቸውን አልተተዉም። ከበላያቸው የሠለጠኑ ባለሙያዎች እየተከታተሉ ያግዟቸው ነበር። ራሱን ለማጥፋት የሚያስብ ሰው ያጋጠማቸው እንደ ሆነ ወደ ማን እንደሚያስተላልፉት ያውቁ ነበር። ትምህርት ያነሰው ሰው ተመልካች ካለው ብዙ ይሠራል፤ ትምህርት የበዛለት ሰው ግን ተመልካች ከሌለው ሊያጠፋ ይችላል።

በእኛም አገር ከዚህ ጋር የሚመሳሰል ታሪክ አለ። የአእምሮ ሐኪም ለመሆን የሚፈልግ ኢትዮጵያዊ ሐኪም ቀድሞ ወደ ውጭ አገር መሄድ ነበረበት። በ2003 ግን የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ከካናዳው የቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ ጋር ተባብሮ ትምህርቱን በአገር ውስጥ ጀመረ። የቶሮንቶ መምህራን በየጊዜው ለአንድ ወር ያህል እየመጡ ከአገሩ መምህራን ጋር ሆነው ከማስተማራቸው በላይ፣ ተማሪዎቹ በሽተኛ ሲያዩ አብረው ተቀምጠው ያዩና ያርሙ ነበር። ከዚያ የወጡት ሐኪሞች ተራቸው ደርሶ የታናናሾቻቸው መምህራን ሆነዋል። ዕውቀት በመርከብ ተጭኖ የሚመጣ ዕቃ አይደለም፤ በታላቅና በታናሽ መካከል ከእጅ ወደ እጅ የሚተላለፍ ነው።

ሆኖም የሙያ አባት መኖሩ ብቻ አይበቃም፤ አባትነቱም መልካም ሊሆን ይገባል። በ1996 በአሜሪካ የታተመ አንድ ምርመራ፣ ከተጠየቁት ተለማማጅ አማካሪዎች ከሞላ ጎደል ሁሉም ከሱፐርቫይዘራቸው የሸሸጉት ነገር እንደ ነበረ ገልጧል። ይህም አያስደንቅም። አራሚው ደመወዝ የሚቈርጥ አለቃ የሆነ እንደ ሆነ፣ ታናሹ ያማረውን ብቻ ያቀርባል፤ የተበላሸውን ይሸሽጋል። አስቀድመን የጠቀስነው ተረት በዚህ ለሐኪሙም ይሠራል። ስለዚህ መልካም የሙያ አባት ከሁሉ አስቀድሞ የገዛ ስሕተቱን የማይሸሽግ፣ ተግሣጹን በሰው ፊት የማያደርግ፣ ታናሹ ሲሳሳት «ምን ነካህ?» ከማለት ይልቅ «ምን አየህ?» ብሎ የሚጠይቅ ነው። ነገር ግን በሽተኛውን የሚጐዳ ነገር ባየ ጊዜ ሥራውን እስከ ማስቆም ድረስ መጽናት አለበት። ርኅራኄው ለታናሹ ነው፤ አደራው ግን ለበሽተኛው ነው።

አሁን ወደ ቤታችን እንግባ። ሰው ወደ አማካሪ የምትልኩ ቤተ ሰቦች ሆይ፣ ስለ ዋጋውና ስለ ቀጠሮው ብቻ ጠይቃችሁ አትመለሱ። በትሕትና እንዲህ ብላችሁ ጠይቁ፦ «የሚከብድ ነገር ሲያጋጥምዎ የሚያማክሩት ሰው አለዎት? የእኛን ምሥጢርስ እንዴት አድርገው ይጠብቁልናል?» ዕውነተኛ ባለሙያ በዚህ ጥያቄ አይቈጣም። አዎን፣ የሙያ አባት አለኝ፤ ስማችሁን ሳልገልጥ አማክረዋለሁ ብሎ ያስረዳችኋል። «እኔ ማንንም አላማክርም፤ ሁሉን እኔው ዐውቀዋለሁ» የሚል ያጋጠማችሁ እንደ ሆነ ግን፣ ልጃችሁን ከመስጠታችሁ በፊት ደግማችሁ አስቡ።

በቤታችሁም የዚህ ሙያ ሰው ያላችሁ፣ ባል ወይም ሚስት፣ እናት ወይም ልጅ ብትሆኑ፣ ማታ ፊቱ ጠቍሮ ሲገባ «ዛሬ ምን ሰማህ?» እያላችሁ አታስጨንቁት፤ የሰማው የሌላ ሰው አደራ ነውና ሊነግራችሁ አይገባውም። ዝምታውንም በእናንተ ላይ እንደ መጥላት አትቍጠሩት። ምግቡን አቅርቡለት፤ ልጆቹን አስታቅፉት፤ ጥቂት ይረፍ። ነገር ግን ዝምታው ሳምንት ካለፈ፣ እንቅልፉም ከጠፋ፣ «የሚሰማህን ሰው ካየኸው ስንት ጊዜ ሆነህ?» ብላችሁ አስታውሱት። እንዲህ ብሎ ማስታወስ ከቤተ ሰብ የሚገኝ ትልቅ እርዳታ ነው።

ሙያውን ለምታስተምሩና ሆስፒታልን ለምታስተዳድሩ ደግሞ የምንለው አጭር ነው። ለታናሹ የሚሰጠው የአንድ ሰዓት ምክር ከሥራ የተሰረቀ ሰዓት አይደለም፤ ከሥራው ዋናው ክፍል ነው። በሽተኛ በበዛበትና ሐኪም ባነሰበት አገር ይህን ሰዓት መቍረጥ የሚያተርፍ ይመስላል፤ ነገር ግን ሰሚዎቹ አንድ በአንድ ደክመው ሥራውን ሲተዉት ኪሳራው ይገለጣል።

የሰው መድኃኒቱ ሰው ነው ይባላል። ይህ ቃል ለታመመው ብቻ ሳይሆን ለአካሚውም የተነገረ እንደ ሆነ ከዛሬ ጀምሮ እናስብ። የሰውን ሸክም የሚቀበለው ትከሻ የሚያርፍበት ሌላ ትከሻ እንዲያገኝ ማድረግ የሁላችንም ፈንታ ነው።